ከጥልቅ ጮኽሁ፣ ሰማኝ

ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እናቴ ግን «አፍህ ካልመሰከረ ስለቱ ገና አልተከፈለም» ብላ እረፍት ስለነሳችኝ ዛሬ ልጨርሰው። ክብርና ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን።

አባቴ የጎጃም መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኛ ልጆቹ የአባይ በረሃን ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው። ጃፓኖች የሠሩት የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም ሲመረቅማ ሌላ ጨዋታ አልነበረውም። 303 ሜትር እንደሆነ፣ ከምሰሶዎቹ በወረዱ ገመዶች እንደተያዘ፣ አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ቆሞ እንደሚያየው ይነግረን ነበር። «አንድ ቀን ይዤህ እሄዳለሁ» አለኝ። ሳይወስደኝ በ2007 ታመመ።

እውነቱን ልናገር። ጾምኩ፣ ጠበል አመላለስኩት፣ ተሳልኩ። አባቴ ሞተ። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔርን አኮረፍኩት። «እየሰማህ ነው ዝም ያልከኝ?» አልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልሳምኩም፤ እናቴ ስታስቀድስ እኔ ተኝቼ እውላለሁ።

ሞተር ሳይክል የገዛሁ ቀን የመጀመሪያ ሐሳቤ ያ ድልድይ ነበር። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ክረምቱን ሙሉ አቀድን። ደብተር ላይ መንገዱን ጻፍን፤ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ገርበ ጉራቻ፣ ጎሃ ጽዮን። ከአዲስ አበባ እስከ ድልድዩ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሃ ጽዮን ነዳጅ እንቀዳለን፣ በቀን ብርሃን እንወርዳለን፣ ደጀን እናድራለን። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሽቦ ሁሉ ያዝን። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ላልቶ ነበር። «ደርሶ ይመለሳል» ብዬ ተውኩት።

ጥቅምት 23 ቀን 2010 ማታ እናቴ ስንቅ እየቋጠረች «ነገ እኮ 24 ነው፤ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቀን ነው። ደብረ ሊባኖስ ጎራ በሉና ለአባታችሁ ጧፍ አብሩለት» አለችን። እሺ አልኳት። በማግስቱ መገንጠያው ጋ ስንደርስ ወንድሜ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ነዳሁ።

ጎማ ፈነዳብን፣ ሰዓት ሄደ። ጎሃ ጽዮን ስንገባ ለ12 ሰዓት ትንሽ ነበር የቀረው። «እዚሁ እንደር» አለኝ ወንድሜ። እኔ ግን ድልድዩን ሳላይ አላድርም አልኩ። ከዚያ ወደ ታች ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰምጣል። አባቴ ሁሌ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ስለነበር በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። እየጨለመ ነበር። ግማሽ ያህል እንደወረድን ከእግሬ ሥር ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካቴናው ተበጠሰ። ካቴና ከሌለ ማርሽ አይይዝህም። ፍሬን ብቻ ቀረኝ። እሱም ወዲያው ጋለ፣ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ፣ ከዚያ እጀታው ባዶውን ከመሪው ጋር ተጣበቀ። ወንድሜ ከኋላዬ ወገቤን አንቆ ይዞ «እመቤቴ! እመቤቴ!» ይላል። ከፊታችን ኩርባ ነበር፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ የተናደ ድንጋይ ክምር። ወደ ድንጋዩ ዞርኩ።

ስነቃ አፌ አፈር ሞልቶ ነበር። ወንድሜ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ወድቋል። እግሩ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። አንድ መኪና መጣ፣ አልፎን ሄደ። ሌላም መጣ፤ ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈ። አልፈርድባቸውም፣ የጫነ መኪና በዚያ ቁልቁለት ማቆም ቀልድ አይደለም። ከዚያ ጸጥ አለ። ከታች ጅብ ጮኸ። ወንድሜን ጭኔ ላይ አስደግፌ ቁና ቁና ሲተነፍስ እሰማለሁ፤ ትንፋሹ ሲዘገይ አነቀንቀዋለሁ። መቼም ያቺን ሌሊት በሰዓት መቁጠር አልችልም።

«በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል» ብሎ ወንድሜ ጀመረ። አባታችን ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የሚደግመው ነው። መሃል ላይ አቃተውና «አንተ ቀጥልልኝ» አለኝ። ለእኔ! ምላሴ ተሳሰረ። ቀጣዩ ጠፋኝ። ሳላስበው ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፤ «አቤቱ፥ ከጥልቅ ወደ አንተ ጮኽሁ»። ከዚያ መዝሙሩም ቀረና ዝም ብዬ ጮህኩ። አባቴን ወስደህብኛል፣ ይህን ተውልኝ፤ አኩርፌህ ነበር፣ ማረኝ፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት አምላክ፣ በእግሩ ይሂድልኝ እንጂ ደጅህን እስማለሁ አልኩ። ሦስት ዓመት የታፈነ እንባ ወረደ።

ጨረቃዋ የገደሉን ጫፍ ስታልፍ አንድ ተሳቢ ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ በኋላ እንደነገረኝ፣ እዚያ ቦታ ቆሞ አያውቅም፤ ፍሬኑ ስለሸተተው ሊያቀዘቅዘው ነው የቆመው። ረዳቱ ለጎማው ድንጋይ ሊፈልግ ወርዶ የወንድሜ ሄልሜት በጨረቃ ሲያብለጨልጭ አየ። ሹፌሩ ሸበቶ ሙስሊም አባት ናቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ከእቃ ሳጥን ጣውላ ሰበሩ፣ ረዳቱ ሽርጡን ፈትቶ ሰጣቸው፣ ለሁለት ቀደው የወንድሜን እግር አሰሩት። «አይዞህ ልጄ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አሉኝ። አሁንም ይህን ስጽፍ አለቅሳለሁ።

ድልድዩን ያየሁት እንግዲህ ያኔ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያቀድኩለትን ድልድይ፣ የወንድሜን ራስ ታቅፌ ከጋቢናው መስኮት ተሻገርኩት። ገመዶቹ በመብራቱ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ አለፉ። ገመዶቹን አልቆጠርኩም፤ የምቆጥረው ትንፋሹን ነበር። ደጀን ላይ ለተቀበሉን፣ ሌሊቱን ሙሉ ላልተኙት ነርሶች እግዚአብሔር ብድራታቸውን ይክፈላቸው።

ሰባት ወር በጀሶ፣ በክራንች፣ በቀጠሮ አለፈ።

ሰኔ ላይ ሦስታችንም በአውቶቡስ ሄድን። በመጀመሪያ ደብረ ሊባኖስ ወረድን። ወንድሜ ያለ ክራንች፣ በእግሩ፣ ከእኔ ቀድሞ ገባ። ደጁን ስሜ ለአባቴ ጧፍ አበራሁ። በማግስቱ ድልድዩ ላይ ስንደርስ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ነገሩን ያልሰሙት ተሳፋሪዎችም አብረዋት እልል አሉ።

የዚያን ሌሊት በድንጋጤ የሹፌሩን ስልክ አልተቀበልኩም። አባቴ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካገኙ፣ ወንድሜ በእግሩ ይሄዳል። የረዳትዎን ሽርጥ እናቴ አጥባ፣ ሁለቱን ቁራጭ መልሳ ሰፍታ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣለታለች።