ሁለት ጊዜ «ቆዪ» ተብዬ በ28 ዓመቴ የተደረገልኝ የዓይን ሌዘር ሕክምና

ለዓይን ሌዘር ሕክምና መጀመሪያ የተመዘገብኩት በ20 ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በረዳት ነርስነት እሠራ ነበር። ጭምብል ባደረግሁ ቁጥር መነጽሬን ጉም ይሸፍነዋል፤ አረጋውያኑን ከአልጋ ሳነሣም ከአፍንጫዬ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከመነጽር መገላገል ለእኔ የመልክ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነበር።

የመጀመሪያው ማዕከል ማስታወቂያ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ መምጣት እንደሚችል ይናገር ነበር። የተቀበለችኝ ሠራተኛም የመነጽሬን ቁጥር ጠይቃኝ ወዲያው ወደ ክፍያው ገባች፤ በዚያው ሳምንት ቀብድ ካስያዝኩ ቅናሽ እንደሚደረግልኝም ነገረችኝ። በአሜሪካ ለላሲክ (በስፋት ለሚሠራው የዓይን ሌዘር ሕክምና) የተፈቀዱት መሣሪያዎች ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ሰው እንዳልተፈቀዱ እውነት ነው። ነገር ግን 18 ዓመት መሙላት ለምርመራ የሚያቀርብ እንጂ ለሕክምናው ብቁ መሆንን የሚያረጋግጥ አለመሆኑን ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። ቀብዱን ልከፍል ስዘጋጅ አክስቴ «ሌላ ሐኪም ሳያይሽማ አይሆንም፣ ዓይን እኮ ነው!» ብላ ከለከለችኝ። ለዚህች ቃሏ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ሁለተኛው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ የድሮ የመነጽር ማዘዣዎቼን ነበር። በቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ወረቀቶች ተገኙ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ከበባቸው፦ በ19 ዓመቴ ኔጌቲቭ 3.50፣ በ20 ዓመቴ ኔጌቲቭ 4.25። በአንድ ዓመት ውስጥ 0.75 ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር የሚለካበት አሃድ) ጨምሯል ማለት ነው። «ዓይንሽ ገና አልረጋም» አለኝ። ሩቅ ማየት የሚያቅተን የዓይናችን ኳስ ከልኩ በላይ ስለሚረዝም መሆኑን፣ ሌዘሩ ደግሞ ከፊት ያለውን ኮርኒያ (ጥርት ያለውን የዓይን የፊት ሽፋን) ውፍረቱን በመቀነስ ቅርጹን ከመለወጥ በቀር ርዝመቱን እንደማይነካው አስረዳኝ። ኳሱ ከሕክምናው በኋላ መርዘሙን ከቀጠለ ቁጥሩ ይመለሳል፤ ከኮርኒያው የተነሣውን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል ከ0.50 ዳዮፕተር ያልበለጠ ለውጥ መታየት አለበት። አንዳንድ ሐኪሞች 21 ዓመት እስኪሞላ መጠበቅን የሚመርጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከክፍሉ የወጣሁት አዝኜ ነው። ሆኖም በየዓመቱ ተመርምሬ ወረቀቶቹን ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ በ21 ዓመቴ 5.00፣ በ22 ዓመቴ 5.50፣ በ25 ዓመቴ 5.75 ሆነ፣ ከዚያም ቆመ። በ20 ዓመቴ ተቸኩሎ ቢደረግልኝ ኖሮ 1.50 ዳዮፕተር ያህል ተመልሶብኝ ዳግም መነጽር አድርጌ፣ ለሁለተኛ ማስተካከያ የሚበቃ ኮርኒያም ላይኖረኝ ይችል ነበር።

በእነዚህ ዓመታት አብራኝ ትኖር የነበረች ጓደኛዬም ለዚሁ ሕክምና ቀርባ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗን አለርጂ ያሳክካት ስለነበር፣ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጣ በጣቶቿ መገጣጠሚያ ዓይኗን ስታሽ አያት ነበር። በአገራችን ብዙ ልጆች እንዲህ ሲያደርጉ ስለምናይ ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። የኮርኒያዋ ካርታ በኮምፒውተር ሲነሣ ግን ከመሐል ዝቅ ብሎ ቀይ ቦታ ታየ፤ ኮርኒያዋ በዚያ ሥፍራ ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት መውጣት ጀምሯል። በሽታው ኬራቶኮነስ ይባላል፤ ዓይንን ማሸት ያባብሰዋል፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በወጣትነት ነው። በዓመት በዓመት መነጽሯ ይለወጥ የነበረውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ተነገራት። የተዳከመ ኮርኒያን በሌዘር ይበልጥ ማሳሳት ጉዳቱን ስለሚያፋጥነው ሕክምናው ተከለከለላት፤ በምትኩ ክሮስ ሊንኪንግ የሚባለው፣ በሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን የሚያጠነክረው ሕክምና ተደረገላት። ዛሬ በጠንካራ ሌንስ ጥሩ ታያለች። ልጆቻቸው ዓይናቸውን የሚያሹ ወላጆች ሳገኝ ማሳከኩን በሐኪም እንዲያሳክሙ አጥብቄ የምለምነው የእሷን ካርታ ስላየሁ ነው።

እኔ በ26 ዓመቴ ገንዘቤን አጠራቅሜ ስመለስ ልጄን አጠባ ነበር። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ የሆርሞን ለውጥ የዓይንን ቁጥርም እንባንም ሊያዛባ ስለሚችል፣ ጡት ካስጣልኩ በኋላ ጥቂት ወራት ቆይቼ እንድመጣ ተነገረኝ። በዚህኛው አልተከፋሁም። ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም፣ እንደ ሉፐስ ያሉ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው ሕመሞችና ከባድ የዓይን ድርቀትም ሕክምናውን ሊያስከለክሉ ስለሚችሉ በመጠይቁ ላይ አንድ በአንድ ተጠይቄያቸዋለሁ።

በ28 ዓመቴ ለመጨረሻው ምርመራ ስቀርብ የፈጸምኩት ስሕተት አለ። ለስላሳ ኮንታክት ሌንሴን ያወለቅሁት ከቀጠሮው ሦስት ቀን ብቻ ሲቀረው ነበር። ሌንስ ኮርኒያው ላይ ተጭኖ ቅርጹን ስለሚለውጠው ልኬቱ አይታመንም ተብሎ፣ ሁለት ሳምንት በመነጽር ብቻ እንድቆይ ታዘዝኩ። ጠንካራ ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ከዚያም በላይ መቆየት አለባቸው።

ልኬቱ ሲመጣ የኮርኒያዬ ውፍረት 478 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ሆነ፤ የብዙ ሰው በ540 አካባቢ ስለሆነ የእኔ ሳሳ ያለ ነው። ሐኪሙ ስሌቱን ፊቴ ሠራው። ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር በግምት 14 ማይክሮን ስለሚያነሣ ለ5.75 ወደ 80 ማይክሮን ይሄዳል፤ በላሲክ ደግሞ ከላይ 110 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው ክዳን ይቆረጣል። ሁለቱ ሲቀነሱ ከሥር የሚቀረው 288 ነው። ዝቅተኛው ወሰን 250 ቢሆንም እርሱ ከ300 በታች መውረድ እንደማይፈልግ ገለጸልኝና ክዳን የማይቆረጥበትን ፒ አር ኬ መረጠልኝ። በዚህኛው ዘዴ 50 ማይክሮን የሚሆነው የላይኛው ሽፋን ብቻ ይጠረጋል፣ እርሱም በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ለሁለቱም ዓይኖቼ 4,200 ዶላር ከፈልኩ፤ ኢንሹራንሴ አልሸፈነልኝም።

የማደንዘዣ ጠብታ ስለነበር ሲሠራ ምንም አላመመኝም፤ ብልጭ ድርግም የሚለውን ብርሃን እያየሁ ፀጉር ሲቃጠል የሚሸት ዓይነት ሽታ ሸተተኝ፣ ሌዘሩም ለእያንዳንዱ ዓይን ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ሕመሙ የመጣው በማግሥቱ ሌሊት ነው፦ በርበሬ በነካ እጅ ዓይን ሲታሽ እንደሚያቃጥለው ሲሆን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ጨለማ ውስጥ ተኛሁ፣ ልጄንም ባለቤቴ ያዘልኝ። በአምስተኛው ቀን፣ ቁስሉ እስኪድን የተደረገልኝ መከላከያ ሌንስ ሲወልቅልኝ ፊደሎቹ ይታዩኛል፤ ግን ጥላ አላቸው። ጥርት እስኪልልኝ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ፒ አር ኬ ለሚደረግለት ሰው የምመክረው ቢያንስ የአንድ ሳምንት ፈቃድ እንዲወስድ፣ ጠብታውን ሐኪሙ እስካዘዘበት ቀን ድረስ እንዳያቋርጥና ለወራት ያለ ፀሐይ መነጽር እንዳይወጣ ነው።

የእኔን ያየችው አክስቴም በ47 ዓመቷ ልትሠራ ተነሣች። ቁጥሯ ኔጌቲቭ 2.50 ነው፤ ለመንዳት መነጽር ታደርጋለች፣ ጠዋት ዳዊቷን ስትደግም ግን አውልቃ ከጉልበቷ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሐኪሙ የጠየቃት ያንኑ ነበር፤ «መጽሐፍ የሚያነቡት በመነጽር ነው ወይስ ያለ መነጽር?» ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ቅርብ ላለ ነገር ቅርጹን መለወጥ ያቅተዋል። የእርሷ ዓይን ግን በ2.50 ምክንያት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ እገዛ ጥርት አድርጎ ያያል፤ መጽሐፍ የሚያዝበት ርቀትም ያው ነው። ሌዘሩ ሩቁን ቢያስተካክልላት ይህንን ይወስድባታል። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ የማድረግ አማራጭ እንዳለና በኮንታክት ሌንስ ልትሞክረው እንደምትችል ቢነግራትም አልፈለገችም። «ዳዊቴን ያለ መነጽር ካነበብኩ ለመኪናው መነጽር ምን ቸገረኝ» ብላ ተመለሰች፤ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

ሕክምናው የዓይኔን ኳስ ስላላሳጠረው ሬቲናዬ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) እንደ ድሮው የተወጠረ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ የዓይኔ ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ይመረመራል። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ ከሕክምናው በፊት የተነሡትን ልኬቶች በሙሉ በፖስታ አድርጎ ሰጥቶኛል። በስተርጅና የዓይን ሞራ ቢመጣብኝ የሚተከለው ሌንስ ኃይል ሲሰላ በሌዘር የተለወጠ ኮርኒያ ስሌቱን ስለሚያሳስት፣ ያን ጊዜ የሚያክመኝ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ይፈልጋቸዋል። ፖስታው ከፓስፖርቴና ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።