አረንጓዴው ክዳን እና የሚተነፍሰው የኋላ ጎማ

መኪናዋ ጎሚስታ ቤት የገባችው የንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራቷ እንደበራ ነው። አራቱም ቫልቮች ላይ አረንጓዴ ክዳን አለ፤ ጎማዎቹ ናይትሮጅን ተሞልተዋል ማለት ነው። ጌጅ ሲገባባቸው ሦስቱ 31 እና 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ላይ ናቸው፣ የግራ የኋላው ግን 22። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ምልክት ለአራቱም 32 ይላል። ጎሚስታው የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ስቦ ሊሞላ ሲያጎነብስ ባለመኪናው ክንዱን ያዙት።

«ቆይ ቆይ! ተራ ንፋስ እንዳትጨምርበት፣ ናይትሮጅን ነው፤ ይበላሽብኛል።»

«ጋሼ፣ መብራቱ ከበራ ስንት ቀኑ ነው?»

«ስምንት ቀን ይሆነዋል። የሚሞሉልኝ ሰዎች ማሽናቸው ተበላሽቶ፣ እስኪሠራ እየጠበቅኩ ነው።»

ብዙ መኪና ላይ ይህ መብራት የሚበራው ከተመደበው ንፋስ ሩብ ያህሉ ሲጎድል ነው፤ በ32 ሲሰላ 24 ማለት ነው። ስለዚህ ጎማው ስምንት ቀን ሙሉ ከ24 በታች ሆኖ ተሽከርክሯል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ጎማ የሚፈነዳውም በዚህ ሙቀት ነው። «ይበላሻል» የተባለው ናይትሮጅንስ ምን ይሆን ነበር? ተራው ንፋስ ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ ቀሪው በአብዛኛው አርጎን ነው። 95 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ጎማ ከ22 ወደ 32 በተራ ንፋስ ቢሞላ ንጽህናው ወደ 91 በመቶ ግድም ይወርዳል። የሚጠፋው ይህችው ናት። መቀላቀሉ ጎማውንም ቸርኬውንም ምንም አያደርጋቸውም።

ናይትሮጅን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ኦክስጅን ከናይትሮጅን ይልቅ በጎማ ግድግዳ ውስጥ ቶሎ ሰርጎ ስለሚወጣ ናይትሮጅኑ ዘግይቶ ይቀንሳል። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት የ31 ዓይነት ጎማ ጥንዶችን፣ አንዱን በተራ ንፋስ ሌላውን በናይትሮጅን 30 ፒኤስአይ ሞልቶ ዓመት ሙሉ ውጭ አስቀምጦ ነበር። ተራው በአማካይ 3.5፣ ናይትሮጅኑ 2.2 ቀነሱ። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ነው። በየወሩ ጌጅ የሚያስገባ ሰው ይህን ልዩነት ልብ እንኳ አይለውም።

«ናይትሮጅን በሙቀት አይለዋወጥም» የሚባለው ደግሞ ከነጭራሹ ስህተት ነው። በ20 ዲግሪ 32 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በ1.6 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ደረቅ አየርም ይሁን ናይትሮጅን። ልዩነት የሚያመጣው ውሃ ነው። ኮምፕሬሰር አየር ሲጨምቅ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንኩ ግርጌ ይጠራቀማል። ግርጌው ላይ ያለችው ማስወገጃ በየቀኑ ካልተከፈተች ውሃው በቱቦው በኩል ጎማ ይገባል። 30 ሊትር በሚይዝ ጎማ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ካለ፣ ጎማው 60 ዲግሪ ሲደርስ አብዛኛው ይተንና በሙቀት ከሚመጣው ጭማሪ ላይ ሌላ 2.5 ፒኤስአይ ያህል ይደርባል። የውድድር መኪና ሰዎች ናይትሮጅንን የሚወዱት ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ማድረቂያ የተገጠመለት ኮምፕሬሰርም ያንኑ ይሰጣል።

አውሮፕላን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ በፍሬን ሙቀት የጋለ ጎማ ከራሱ ላስቲክ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ኦክስጅን ካገኘ ይፈነዳል። በ1986 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ሲቲ የተነሳ አንድ ቦይንግ 727 ጎማው አየር ላይ ፈንድቶ 167 ሰው አልቋል፤ ጎማው የተሞላው በናይትሮጅን ፈንታ በተራ ንፋስ ነበር። ለዚህ ነው በትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ ውስጥ ኦክስጅን ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚታዘዘው። የቤት መኪና ግን እንዲህ ያለ ሙቀት ውስጥ አይገባም።

ወደ ግራው ጎማ እንመለስ። ከ40 ቀን በፊት 32 ተሞልቶ ነበር፤ አሁን 22 ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ከአንድ በላይ ሳይቀንሱ እሱ ብቻ በቀን ሩብ ፒኤስአይ ከጣለ፣ ይህ የጋዝ ዓይነት ጉዳይ አይደለም፣ የሚያፈስ ቦታ አለ። ጎማው በአራት ወር ሦስቴ ናይትሮጅን ሲሞላ ለምን እንደሚተነፍስ አንድም ሰው አላየውም። ከባለመኪናው ይልቅ የሞሉለት ሰዎች ጥፋት ይከብዳል።

ቀሪው የሳሙና ውሃ ሥራ ነው። መጀመሪያ ጎማው 32 ተሞላ፤ ባነሰ ግፊት ትንሽ ቀዳዳ አረፋ ላያወጣ ይችላል። ክዳኑ ተፈትቶ ቫልቩ ጫፍና ሥሩ ላይ ሲረጭ ምንም የለም። ጥርሱ ላይም ምስማር የለም። ጎማው ወልቆ የውስጠኛው ጎን ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ሲረጭ፣ መጀመሪያ ምንም አልታየም። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ስኳር የተነሰነሰ የሚመስል ደቃቅ ነጭ አረፋ ወጣ። ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ አሉሚኒየሙ በዚያው ቦታ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ተቦርቡሯል።

ከማጽዳቱ በፊት የጎማው ውስጥ በባትሪ ታየ። አንሶ የተነዳ ጎማ ጎኑ ውስጥ የላስቲክ ብናኝ ወይም ክብ የመሰባበር መስመር ካሳየ ይጣላል፤ አይጠገንም። ይህኛው ንጹሕ ነበር፣ ዕድለኛ ናቸው። ቸርኬው በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ተወለወለ፤ ማሸጊያ ማጣበቂያ በስሱ ተቀባ፤ የላስቲክ ቫልቩም ጎማው ከወለቀ አይቀር በአዲስ ተተካ። ጎማው ተገጥሞ ከተነፋ በኋላ ሳሙናው ድጋሚ ተረጭቶ አምስት ደቂቃ ተጠበቀ፤ አረፋ የለም።

የገባበት ተራ ንፋስ ነው። ባለመኪናው ቅር ብሏቸው ነበር፤ ናይትሮጅን አንዴ ብቻ ሲሞላ ምን ያህል እንደሚነጻ ሲነገራቸው ግን ሳቁ። ተንፍሶ ያለቀ ጎማ እንኳ በውስጡ ግፊቱ ከውጭው ጋር እኩል የሆነ አየር ይቀረዋል። በዚያ ላይ ፍጹም ንጹሕ ናይትሮጅን እስከ 32 ቢሞላ 6.6 በመቶ ኦክስጅን ይቀራል። እንደገና ተለቅቆ ሲሞላ 2 በመቶ ግድም ይሆናል። የሳቸው ጎማዎች አንዴም ተለቅቀው አያውቁም፤ በነበረው አየር ላይ ብቻ ነው የተጨመረው።

ከ15 ቀን በኋላ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ ሲለካ የግራ የኋላው 32 ነበር። ክዳኑ ጥቁር ነው፤ የሦስቱ ግን እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው።