ሳይቀደድ የተጣፈ ቀሚስ

ደብረ ብርሃን፣ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ መንዝ ላሉት እናቱ ተትሮን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሰማያዊ ቀሚስ አሰፋ። ልኩን የወሰድነው ከአሮጌ ቀሚሳቸው ነው። ሲሄድ «ትንሽ አድምቁልኝ» አለ። የስፌት ቤቱ ባለቤትም ወደ እኔ ዞሮ «ቀይ ከፋይ በአበባ ቅርጽ ቆርጠሽ ለጥፊበት» አለኝ።

ከፋይ ፀጉር ስላለው ከስፌት መኪናው እግር ሥር ይሸሻል። ስለዚህ አምስቱንም አበባ መጀመሪያ በእጄ ሸለልኳቸው፤ ለጊዜው እንዲይዝ አራርቄ ሰፋኋቸው ማለት ነው። ከዚያ ጠርዛቸውን ጥቅጥቅ ባለ ዚግዛግ ዞርኩት። አማረብኝ። እውነቱን ለመናገር ሰው እስኪያየው ቸኩዬ ነበር።

እናትየው ባናቸውን ተከናንበው ራሳቸው መጡ። ቀሚሱን ዘርግተው ቆዩ።

«ልጄ፣ ምን ነክቶት ነው?»

«ምኑ፣ እማማ?»

«ቀሚሱ ነዋ። አምስት ቦታ ጥፈሽዋል።»

«አበባ እኮ ነው፤ ለጌጥ ነው።»

«አበባነቱስ ይታየኛል። ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ነው የምጠይቅሽ።»

ቀዳዳ የለውም ብል አላመኑኝም። ገልብጠው የውስጡን በጣታቸው ዳሰሱ። ደህና ጨርቅ መሆኑን ሲያውቁ ይባስ ተናደዱ። «ሳይቀደድ! ልጇ አዲስ ልብስ መግዣ አጣ፣ ድሪቶ አለበሳት ሊሉኝ ነው። ፍቺልኝ።»

ድሪቶ! ስንት ሰዓት አጎንብሼ የሠራሁትን። ባለቤቱን አየሁት። ሜትሩን እየጠቀለለ ነው። ከፋይ የሚባል ነገር በዕድሜው ያየ አይመስልም።

ማታ ቁጭ ብዬ በምላጭ ፈታሁት። የጥጥ ጨርቅ ቢሆን ሲታጠብ የመርፌው ቀዳዳ ይገጥም ነበር። ተትሮን ግን መርፌ የነካውን አይረሳም። ብርሃን ላይ ስይዘው አምስቱ አበቦች በቀዳዳ ተስለው ቁጭ ብለዋል። በካውያ ብተኩሰው፣ በጥፍሬ ብፍቀው፣ ወይ ፍንክች።

በማግስቱ እማማ መጡ። ምንም አልደበቅኩም፤ በሩ ላይ ወጥቼ ወደ ፀሐይ ያዝኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ፤ ባናው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አሁንስ እውነትም ተቀዷል» አሉኝ። «በይ ጣፊው።»

እነዚያኑ አበቦች በዚያው ቀዳዳ ላይ መልሼ ሰፋኋቸው። የእጅ ዋጋ አልጨመሩልኝም፤ መረቁኝ። ለብሰውት ታቦት ሸኙ።

ከዚያ ወዲህ ቅርጽ ቆርጬ የምለጥፍበት ልብስ ሲመጣ ሸልዬ ብቻ ለልብሱ ባለቤት አሳያለሁ፤ እሺ ሳይባል ዚግዛግ አላስነካም። ያው ካልተጣደፍኩ ነው። በበዓል ሰሞን ደግሞ የማልጣደፍበት ቀን የለም።

አሠሪዬ ግን በዓመቱ ያንኑ የመሰለ ቀሚስ በር ላይ ሰቀለ። ሰው ሲጠይቀው «የራሴ ፈጠራ ነው» ይላል። እኔ ከመኪናው ቀና አልልም።