ቄሱ ያልመጡበት እሁድ

ጋምቤላ ሠርቼ መምጣቴን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ ስለ ወባው። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ጋቢ ደርቦ ለሚውል ሰው አይፈረድበትም። ስለ እሁዱ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ እስካሁን የማስበው እሱን ነው።

ክርስትና የተነሳሁት እዚሁ ሥላሴ ነው። ማኅበራችንም በየወሩ በ7 ነው። ጋምቤላ ጎረቤቶቼ ኑዌሮች ነበሩ፤ እምነታቸው አንግሊካን፣ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጣው። ልጆቻቸውን አስተምር ስለነበር እሁድ በመጣ ቁጥር «መምህር፣ ና እንጂ» ይሉኛል። ይሉኝታም፣ ማየት መፈለግም አለበትና አንድ ቀን ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ አይቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይወጣል?

ቤተ ክርስቲያኑ የጭቃ ግድግዳ ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ነው። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የእንጨት መስቀል፣ ከበሮ። ነጭና ሰማያዊ የለበሱት ሴቶች የእናቶች ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1876 እንግሊዝ አገር የጀመረችው የቄስ ሚስት ነበረች፤ ሜሪ ሰምነር ትባላለች። ባሮ ዳር ግን የእኛን እድርና ጽዋ አንድ ላይ ያደረገ ነገር ሆኗል። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለአራስ ውሃ ይቀዳሉ፣ ያልተማረችውን ፊደል ያስቆጥራሉ።

ቄስ አልነበረም። ሌላ ቦታ ስለሆኑ አይመጡም ተባለ። በቃ ሰው ሊበተን ነው ብዬ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ተነሳ። ማክሰኞ ገበያ ላይ ዓሣ ሲሸጥ የማውቀው ሰውዬ ነው። ከፌስታል ውስጥ የጸሎት መጽሐፉን አወጣ። የመጽሐፉ ጀርባ በፕላስተር ተለጣጥፏል፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። እሱ አንዷን መስመር ያነባል፣ ሕዝቡ ቀጣዩን በቃሉ ይመልሳል። ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ፊደል አይለዩም፤ አንዲት ቃል ግን አላመለጠቻቸውም። ኑዛዜው፣ መዝሙረ ዳዊቱ፣ የእምነት መግለጫው፣ ስለ ሕሙማንና ስለ ሀገር የሚደረገው ጸሎት፣ ሁሉም በተራው አለቀ። ቁርባን ብቻ የለም። እሱ ቄስ ይፈልጋል።

አንድ ቄስ ብዙ አጥቢያ ያዳርሳል። ክረምት ከገባ ጭቃው መንገዱን ይዘጋል፤ ሞተር ብስክሌትም አይገፋም። ስለዚህ ቄሱ የመጡ እሁድ ሌላ ነው። የተጠራቀመ ሕፃን ሁሉ ተሰልፎ ይጠመቃል። አንዱ ሲያለቅስ ሰልፉ በሙሉ ያለቅሳል። ከዚያ ቁርባን፣ ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ ሰላምታ። ሰላምታው ደግሞ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር በእጅ ነው፤ ማንም አይዘለልም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ሰው ወደ ቤቱ የሚበተነው።

ስለ አስተዳደራቸው ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የእስክንድርያ ጠቅላይ ግዛት የሚባል ሲቋቋም ጋምቤላ ራሱን የቻለ ሀገረ ስብከት ሆኗል። ሊቀ ጳጳሳቸው የሚቀመጡት ካይሮ ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛስ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳስ ከግብፅ አልነበረም እንዴ የምናስመጣው? የነገረ መለኮት ኮሌጃቸውንም በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም ሰይመውታል፤ በአባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን፣ በእኛው።

የሚገርመው፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን ጥንት ልትገባ ከሞከረችባቸው በሮች አንዱ የእኛው ሸዋ ነው። ክራፕፍና ኢዘንበርግ፣ የእንግሊዞቹ ሚሲዮን ማኅበር የላካቸው ሁለት ጀርመኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ገብተው የአንኮበሩ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቀርበዋል። ኢዘንበርግ ቶሎ ተመለሰ። ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። ንጉሡ የሚፈልጉት ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ነው፣ እሱ የያዘው መጽሐፍ። ሲወጣም ወሎ ላይ የአካባቢው ገዥ አዳራ ቢሌ ዘርፎ ባዶ እጁን ሰደደው፤ ወደ ሸዋ ተመልሶ ለመግባትም አልተፈቀደለትም። ቤተ መንግሥት ደጅ ጠንቶ ያልሆነለት ነገር፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የጸሎት መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ይዞ በተሻገረ ስደተኛ ሆነ። ጋምቤላ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን የሞሉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ባለፈው በማኅበራችን ነው። ወሬው የጀመረው በእናቴ አገር፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው በኩል ባለች አንዲት የገጠር አጥቢያ ነው። ዲያቆናቱ አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ወረዱ። ለቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። አምስቱ ካልሞሉ ቅዳሴ የለም። እሁድ ጠዋት ደወል የማይሰማበት ጊዜ በዝቷል። ሰዉ በር ድረስ ሄዶ፣ ተሳልሞ ይመለሳል።

እኔም የዓሣ ነጋዴውን ነገር አወራሁ። እትዬ ጠላውን እየቀዱ ቀና አሉ።

«ታዲያ ያለ ካህን ቀደሱ ልትለን ነው?»

«ኧረ አልቀደሱም እትዬ። ጸለዩ ነው ያልኩት።»

የሙሴው፣ የማኅበራችን መሪ፣ ፊት ጠቆር አለ። የሌላ ሃይማኖት ላመጣ የመሰላቸው ይመስለኛል። ያዳኑኝ የነፍስ አባታችን ናቸው። ዳቦውን ባርከው ቁራሹን ይዘው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «እናንተን ውዳሴ ማርያም እንዳትደግሙ ማን ከለከላችሁ? ዳዊትስ?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም። አንዱ ቆሎ መቆርጠም ጀመረ።

እኔ በበኩሌ አምስቱ አራት ይሁኑ የሚል ሐሳብ የለኝም። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፤ ውበቱም እዚያው ላይ ነው። ግን ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጦ በአማርኛ ዳዊት ለመድገም ልዑክ አያሻም። ማንበብ የሚችል አንድ ሰውና መነጽር ይበቃል። እኛ ቅዳሴ ሲቀር የራሳችንንም ድርሻ አብረን የምንተው ይመስለኛል። ይህን ስል ግማሹ ተስማማ፤ ግማሹ «ጋምቤላ አበላሽቶሃል» ብሎ ሳቀብኝ።

ዳዊቱን የሚያስጀምሩ ሁለት ሰዎች ከዚያው አጥቢያ ተገኝተዋል። ማኅበሩ ደግሞ ለዲያቆናቱ ቀለብ ይሰፍራል ተባለ። ያልተስማማነው ገብስ ይሁን ብር በሚለው ነው። ሙሴው ገብስ ይላሉ፤ ብር ከሰጠነው ልጁ በቀጥታ መናኸሪያ ነው የሚሄድበት ብለው። እትዬ ደግሞ ልጁ በገብስ ጫማ ይገዛል ወይ ይላሉ። የሚመጣው ወር ጽዋው እኔ ቤት ስለሆነ እዚያ ይለይለታል።