ሳጥን በሳጥን

ትናንት ማታ ለእማዬ አንድ ፊልም ዲቪዲ ላይ ላቃጥልላት ቁጭ አልኩ። ማጫወቻዋ ከኤምፔግ 2 (የዲቪዲ ቪዲዮ የሚቀመጥበት ዓይነት) ሌላ አያውቅም። ምስሉን ወደ 720 በ576 ነጥብ (ፒክስል) አሳነስኩ፣ የአማርኛ ትርጉም ጽሑፉንም እላዩ ላይ አተምኩት። ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ዛሬ ዲስኩን ከተትን። ተዋናዩ አፉን ከፈተ። ከስር ግን ፊደል የለም፤ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክቷ ብቻ በደህና ቆማለች። እማዬ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየች።

«ዓይኔ ነው እንዴ?»

ዓይኗ አይደለም። ፊልሙን የቀየርኩበት ፕሮግራም የተጠቀመው ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) የግዕዝ ፊደል የለውም። ትርጉሙ ለብቻው ተቀምጦ ቢሆን በሪሞት ይጠፋ ነበር፤ ምስሉ ላይ የታተመ ግን አይለቅም። መጀመሪያ ከፊልሙ አንድ ደቂቃ ቆርጦ መሞከር ማንን ገደለ?

እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ 14 በመቶ ደርሷል። እማዬ ግን «ተወው፣ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ንገረኝ» እያለች ነው።