ሐይቅ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ

ለደሴ ሰው ቅዳሜና እሑድን ውሃ ላይ ለማሳለፍ ከሐይቅ ከተማ የሚቀርብ ቦታ የለም። በወልድያው መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የጦሳ ተራራ ብርድ ወደ ኋላ ይቀርና አየሩ ለዘብ ይላል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉም በተራሮች የተከበበው ሰፊ ውሃ ይገለጣል። ታላቅ እህቴ፣ ባለቤቷ፣ ከኮምቦልቻ የመጣ የሥራ ባልደረባዬና እኔ አንዲት የሞተር ጀልባ ከነነጂዋ የተከራየነው ቅዳሜ ሐይቁን ዞረን ለማየት፣ እሑድ ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለመሳለም ነበር።

ጠዋቱ እንዳሰብነው አለፈ። ከቀትር በኋላ ግን ከሁሉም ዳር በራቅንበት ቦታ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጠፋ። ነጂው የማስነሻውን ገመድ መዳፉ እስኪቀላ ድረስ ደጋግሞ ቢስብም፣ ሞተሩ አንዴ ጉርር ብሎ ዝም ከማለት በቀር ሊነሣ አልቻለም።

ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ የሚገፋን ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ ብቻ ነበር፤ እሱም ጀልባዋን በጎኗ እያዞረ ወደማንፈልገው አቅጣጫ ይወስዳት ጀመር። የውሃው ጥልቀት እስከ 88 ሜትር ስለሚደርስ፣ ለማቆሚያ ድንጋይ የታሰረበት አጭር ገመድ ወለሉን የሚነካ አልነበረም። በጀልባዋ ውስጥ የተገኘውም አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነው። ሰው ጭኖ ከዳር የሚርቅ ጀልባ ሁለት መቅዘፊያና ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይዝ መነሣት የለበትም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ሰደርያው በዚያ ቀን ተሟልቶ ነበር፤ ዋና የማታውቀው እህቴ ፊቷ ሳይለወጥ መቀመጥ የቻለችውም በእሱ ምክንያት ነው።

ከእኛ ራቅ ብለው ሁለት ዓሣ አጥማጆች ከእንጨት ጀልባቸው ላይ መረብ ይጥሉ ነበር። ነጂያችን ጃኬቱን አውልቆ ሲያውለበልብ ባዩ ጊዜ፣ የጣሉትን መረብ ጫፍ ባዶ ጀሪካን ላይ አስረው እዚያው ተዉትና ወደ እኛ ቀዘፉ። በዕድሜ የገፉት አባት ገና ሳይደርሱን «አብሽሩ! አብሽሩ!» እያሉ ይጣሩ ነበር። ሲጠጉን መጀመሪያ ያነጋገሩት እህቴን ነው፤ «አትፍሪ ልጄ፣ ይኼ ውሃ እኛን ያውቀናል» አሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሥርዓት ነበር። እኚህ አባት ጀልባዎቹ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ክንድ የሚያህል ርቀት አስጠብቀው ገመዱን ወረወሩልን፤ ነጂያችን ከፊት ያለውን የብረት ቀለበት አሳልፎ ሊያሳጥረው ሲል ግን «ልቀቀው፣ ይርዘም» ብለው ከለከሉት። ገመዱ ካጠረ፣ ማዕበል በገፋን ቁጥር የእኛ ጀልባ የእነሱን ኋላ ትመታለች። እኛንም ወደ ኋላ ሄደን እንድንቀመጥ አዘዙን፤ የጀልባዋ አፍንጫ ቀለል ብሎ ከፍ ሲል ውሃውን ሳትቆፍር፣ ወዲያና ወዲህም ሳትል ትከተላለች። ነጂያችን በአንዷ መቅዘፊያ ከኋላ አቅጣጫ እየጠበቀ፣ እነሱ ከፊት ነፋሱን በሰያፍ እየቆረጡ ቀዘፉ። ጉዞው አዝጋሚ ነበር፤ የወጣቱ አጥማጅ ሸሚዝ ጀርባው ላይ በላብ ተጣበቀ፣ እሱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ መቅዘፊያውን አላሳረፈም። ዳር ስንደርስ አባት «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ እህቴ «እስጢፋኖስ ውለታዎን ይክፈልልን» አለቻቸው።

ሞተሩን ያየልን በዳሩ የነበረ ሌላ ጀልባ ነጂ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ ከቤንዚን መያዣው ሥር ጥቂት ቀድቶ በባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረና ወደ ፀሐይ አነሣው። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ከላይ ሰፍሯል፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ውሃ ለብቻው ተቀምጧል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞተሩም የሚስበው ከሥር ስለሆነ ቤንዚን ሞልቶ ሳለ ውሃ ይጠጣል። ነገሩ ሲጣራ የቤንዚኑ ጀሪካን ክዳን ጎማ ተቀዶ ኖሯል፤ ሌሊቱን ደግሞ ዝናብ ላይ አድሯል። ሰውየው መያዣውን አራግፎ፣ ፊልትሮውን አጥቦ፣ የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ፈታና ያጠራቀመውን ውሃ አወረደ፤ ካንዴላውንም አውጥቶ አደረቀው። ከራሱ ቤንዚን ጨምሮበት ገመዱን ሲስብ ሞተሩ በሦስተኛው ተነሣ። የቤንዚኑን ዋጋ ነጂያችን ከፈለው፤ ለእጁ ግን አልቀበልም አለ።

አጥማጆቹም ገንዘብ አልወሰዱም። አባት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኛን ሲስቡ ስለመሸባቸው ሳያነሡት ወደቀረው መረብ በማግስቱ እንድናደርሳቸው። እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ጀልባቸውን ከኋላችን አስረን፣ አሁን በተራችን እኛው እየሳብናቸው፣ ባዶው ጀሪካን ወደሚንሳፈፍበት ሄድን። መረቡ ውስጥ ብዙ ቆሮሶ ገብቶ ነበር። ይህ ዓሣ በሐይቁ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ አምጥተው ስለጨመሩት ነው፤ ዛሬ ግን የአካባቢው አጥማጆች ኑሮ የቆመው በአብዛኛው በእሱ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ገዳሙ አመራን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ይህ ሥፍራ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አሁን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴቶች ስለማይገቡ እህቴ ጀልባዋ ዘንድ ቀረች፤ እኛ ስንደርስም ቅዳሴው ወጥቶ ስለነበር ተሳልመን ብዙ ሳንቆይ ተመለስን። የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሣ ዳር ደረስን፣ ማታውን ደሴ ገባን።