የዓለም ታሪክን ከአንጎለላ መጀመር

ለኮሌጅ ተማሪዎች የዓለም ታሪክ የምናስተምርበት ሞጁል ከሜሶፖታሚያ ተነሥቶ፣ በግብፅ፣ በግሪክና በሮም በኩል አድርጎ፣ የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ ተሻግሮ የኢንዱስትሪ አብዮት ላይ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ ስሕተት ነው አልልም። ችግሩ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ተማሪ በዚህ ሁሉ ረጅም መንገድ እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት አለማግኘቱ ነው። ስለዚህ ይሸመድዳል፣ ለፈተና ይጽፋል፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይረሳዋል። ኮርሱ በደረሰኝ ቁጥር የዘመናዊውን ዓለም ክፍል የምጀምረው ከአንጎለላ ነው፤ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ።

አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ጫጫ አካባቢ ይገኛል። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የሚያውቁት የዳግማዊ ምኒልክ የትውልድ ቦታ በመሆኑ ብቻ ነው። ምኒልክ ከመወለዳቸው በፊት ግን ቦታው ከአንኮበር ጋር እየተፈራረቀ የአያታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበር። ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በዛሬዋ ጅቡቲ ባለችው የታጁራ ወደብ ከመርከብ ወርዶ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሸዋ የገባው ወደ እኒህ ንጉሥ ተልኮ ነው። በኅዳር 1834 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1841) የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ መኮንኑ ከየት የተላከ እንደሚመስላቸው እጠይቃለሁ። መልሱ ዘወትር ለንደን ነው። ሐሪስ የተላከው ግን ከቦምቤይ ነበር። ህንድን ያስተዳድር የነበረው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ የራሱ ሠራዊትና የራሱ መርከቦች ያሉት የነጋዴዎች ማኅበር መሆኑን ተማሪዎቹ በሞጁሉ ላይ አንብበዋል፤ ነገር ግን ያው ኩባንያ አንኮበር ድረስ ሰው ልኮ እንደነበር ሲሰሙ ነው ነገሩ የሚገባቸው። ከዚያ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ከውሉ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በጥር 1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1839)፣ የቦምቤይ መንግሥት የየመኗን ወደብ ኤደንን በጦር ይዟል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የድንጋይ ከሰል ነበር፤ በእንፋሎት የሚሄዱት አዳዲሶቹ መርከቦች በስዊዝና በቦምቤይ መካከል ከሰል የሚጭኑበት ማረፊያ አስፈለጋቸው። ኤደንን የያዘ ኃይል ደግሞ ከባሕሩ ማዶ ያለው ዳርቻና ከዳርቻው በስተጀርባ ያለው ደጋ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። የእንፋሎት ሞተር በማንችስተር የጥጥ ፋብሪካ ሲጠና ሩቅ ነገር ነው፤ ሐሪስን ወደ ሸዋ ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ሲጠና ግን የሰፈር ጉዳይ ይሆናል።

ቦምቤይ ሌላም ሥራ ነበራት። በመካከለኛው ህንድ በማልዋ የሚመረተው ኦፒየም የተባለ አደንዛዥ ዕፅ ወደ ቻይና የሚጫነው ከወደቧ ነበር። ኤደን በተያዘችበት በዚያው በ1839 እ.ኤ.አ. የቻይናው የቺንግ መንግሥት የላከው ሹም ሊን ዘሹ በካንቶን ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ወርሶ አስወገደ፤ እንግሊዝም ጦር ላከች። ጦርነቱ ያበቃው በነሐሴ 1842 እ.ኤ.አ. በናንኪንግ ውል ነው። ቻይና ሆንግ ኮንግን ሰጠች፣ አምስት ወደቦችን ለንግድ ከፈተች፣ 21 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍልም ተገደደች።

ሁለቱን ውሎች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እጽፋቸዋለሁ። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት በዚህ ኮርስ ተማሪዎችን ከሚያደናግሯቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ሰባት ይቀነስ ወይስ ስምንት እያሉ ጊዜያቸው ያልቃል። እዚህ ላይ ግን ልዩነቱ ራሱ ያግዘናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1841 እና በ1842 ተለያይተው የሚቀመጡት ሁለቱ ውሎች በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ውሎች ናቸው፤ የሸዋው በኅዳር፣ የናንኪንጉ በነሐሴ 1834 ዓ.ም. ተፈረሙ። የናንኪንጉ ውል የተፈረመበት የጦር መርከብ ቦምቤይ የተሠራ ሲሆን ስሙም ኮርንዋሊስ ነበር። የስሙ መገጣጠም ተማሪዎችን በጣም ያስደስታቸዋል፤ ግጥምጥሞሽን ከምክንያት ጋር እንዳያምታቱ ማስጠንቀቅ ግን አለብኝ። ሊይዙት የሚገባቸው ስሙን ሳይሆን ቦምቤይን ነው።

ዋናው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ኃይል ጋር ከተፈረሙት ሁለት ውሎች አንዱ የቻይናን ዕጣ ሲለውጥ ሌላው ለምን በወረቀት ላይ ቀረ? በየዓመቱ የመጀመሪያው መልስ የእኛ ጀግንነት ነው። ይህን መልስ አልቀበልም፤ የምቆጣጠረውም ከሌላው ሁሉ በላይ ነው፣ ምክንያቱም ታሪክን ከአካባቢ መጀመር ያለው ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ይታያል። የአካባቢው ታሪክ መግቢያ መሆኑ ቀርቶ መፎከሪያ ከሆነ የዓለም ታሪክ መማራችን ቀርቷል። ዐድዋ ገና ከሃምሳ ዓመት በላይ ይቀረዋል፤ የዐድዋን ድል ወደ 1834 ዓ.ም. ወስዶ ማንበብም አይገባም።

ስለዚህ ካርታ እንዘረጋለን። የእንግሊዝ መርከቦች የያንግትዜን ወንዝ ሽቅብ ተጉዘው ዠንጂያንግን ያዙ፤ እህል ወደ ሰሜን የሚጓዝበትን ታላቁን ቦይ ዘጉ፤ ከዚያም ናንኪንግ ደጃፍ ላይ መልሕቅ ጣሉ። ጣርማበርን የሚወጣ መርከብ ግን የለም። ሸዋ ወደብ አልነበራትም፤ በታጁራና በአንኮበር መካከል በግመል ሳምንታት የሚፈጅ በረሃ አለ። የንግዱም ነገር አያጓጓም ነበር፤ ቻይና መላው አውሮፓ የሚፈልገው ሻይ ሲኖራት፣ ከሸዋ የሚወጣው ሸቀጥ ያን ያህል መርከብና ወታደር የሚያስልክ አልነበረም። ሣህለ ሥላሴ በበኩላቸው በብርቱ ይፈልጉ የነበረው የጦር መሣሪያ ነው፤ በ1843 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ፈረሙ። ንጉሡ ሁለቱን የአውሮፓ ኃይሎች ጎን ለጎን ይዘው ይመዝኑ እንደነበር ተማሪዎች ከዚህ ይረዳሉ፤ ይህም ከጀግንነቱ መልስ የተሻለ ክብር የሚሰጣቸው ይመስለኛል።

ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ለብቻዋ አንድ ክፍለ ጊዜ ትወስዳለች። የሐረር፣ የአፋርና የአርጎባ ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ ቡና፣ ጨውና ጨርቅ የሚለዋወጡባት ገበያ ነበረች። መገበያያው አሞሌና ጠገራ ብር ነው። ከቤተሰቡ ጠገራ ብር የሚያገኝ ተማሪ ካለ ይዞ እንዲመጣ እጠይቅና መቼ እንደተሠራ እንዲያነቡልኝ አደርጋለሁ። ሁሉም 1780 ይላሉ፤ በላዩ የተጻፈው እሱ ነውና። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ግን የሞተችው በዚያው ዓመት ነው፤ ከእሷ በኋላ በየዘመኑ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል፣ ገበያው የሚያምነው ያንን መልክ ስለነበር። አንድ ማስረጃ በላዩ የተጻፈውን ቀን ብቻ አይቶ እንደማይታመን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

በዚያ ገበያና በአካባቢው ገበያዎች ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የተፈነገሉ ሰዎች በዚያ በኩል ወደ ታጁራ፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ይወሰዱ ነበር። ስለ አትላንቲኩ የባሪያ ንግድ ስናነሣ ክፍሉ በቁጣ ይናገራል፤ አልዩ አምባ ላይ ስንደርስ ዝም ይላል። ዝምታውን ቶሎ ለመስበር አልሞክርም። እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን በሕግ የሻረችው ሐሪስ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብላ ነበር፤ በዚያው ዘመን ደግሞ መንግሥቷ ኦፒየም እንዳይከለከል ይዋጋል። ጥፋትን ለአንድ ወገን ብቻ ሰጥቶ የሚያርፍ ተማሪ ከዚህ ክፍል ሲወጣ ያንን ማድረግ ይከብደዋል።

ስለ ምንጮቹ በአጭሩ። ሐሪስ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታትሟል፤ ቋንቋው የተኳኳለ፣ ጸሐፊው ለራሱ ያለው ግምትም ከፍ ያለ ነው። ጥቂት ገጾች እንዲያነቡ ሰጥቼ የሸዋው ሰው ድምፅ የት ላይ እንደሚጎድል እንዲያመለክቱ አደርጋለሁ።

ባልደረቦቼ የሚያነሡት ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ በዚህ አካሄድ ኮርሱ አያልቅም ይላሉ። እውነት ነው፣ የሮም ቄሳሮች በእኔ ክፍል የሚያገኙት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ የናፖሊዮን ጦርነቶችም ብዙ አይበልጡም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሴሚስተሩ ሲገባደድ እየተጣደፍን የምናልፈው እሱን ነው። ለእርሱ ያሰብኩት መነሻ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጣርማበር ላይ የቆፈሩት ዋሻ ነው፤ ተማሪዎቼ ከደብረ ሲና ሲመጡ የሚያልፉበት። ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ የጠገራ ብሩን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ማስመታት ጀምሮ ነበርና፣ ከአልዩ አምባው ትምህርት ጋር የሚያገናኘው ክር አለ። የመንግሥታቱ ማኅበር፣ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስና የፋሺዝም አነሣሥ ከዚያ ዋሻ ተነሥተው ምን ያህል ሊብራሩ እንደሚችሉ በሚቀጥለው ሴሚስተር እናየዋለን።